ከጅማ ሆኖ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መዘጋጀት፦ እርሳስ፣ ቀለምና ካሜራ ደረጃ በደረጃ

የዘፋኝ ፊት ከስልክ ላይ በግሪድ (በአራት ማዕዘን መስመሮች ከፋፍሎ) ቀድቶ፣ በጥጥ አለስልሶ፣ ፌስቡክ ላይ "ዋው" የተባለለት ልጅ ፈተና ክፍል ሲገባ ይደነግጣል። ከፊቱ ፎቶ የለም። ማሰሮ አለ፣ የተጨማደደ ጨርቅ አለ፣ ወይም ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አለ። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። እጃቸው ደህና ነው፤ ዓይናቸው ነው ያልሠለጠነው።

ይህ መመሪያ ጅማ ተቀምጠው ለሚዘጋጁ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ላለው "አለ" የተባለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም ይሁን ለሌላ ኮሌጅ የሥዕል ክፍል፣ መሠረቱ አንድ ነው። ስድስት ወር ካላችሁ ሁሉንም በተራ ሂዱ። ሁለት ወር ብቻ ከቀራችሁ ደረጃ 2 እና 3 ላይ ሙጭጭ በሉ፤ ቀለሙን ለጊዜው ተዉት።

አንድ ነገር ከሁሉም በፊት፦ የዘንድሮውን የምዝገባ ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡ። የሚጠየቀው ውጤት፣ የሥራዎች ብዛት፣ የወረቀት መጠንና የፈተና ቀን እዚያ ላይ ነው። "አምና እንዲህ ነበር" ያላችሁን ሰው አትመኑ።

## ደረጃ 1፦ ዕቃና ቦታ

የሚገዛ

- እርሳስ፦ HB፣ 2B፣ 4B እና 6B። አራቱ ይበቃሉ። 24 እርሳስ ያለበት ቆንጆ ሳጥን ገንዘብ ማባከን ነው።
- ወረቀት፦ ለልምምድ ተራው 80 ግራም የፎቶኮፒ ወረቀት። ለሚቀርብ ሥራ ከ150 ግራም በላይ፣ በተለይ A3። ለውሃ ቀለም 300 ግራም፤ ከዚያ የሳሳው ይጨማደድባችኋል።
- ሰሌዳ፦ አናጺ ቤት ሄዳችሁ ከA3 ትንሽ የሚሰፋ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ጠይቁ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስመቱት።
- ምላጭ፣ ላጲስ፣ ስኮች፣ የልብስ መቆንጠጫ።

እርሳሱን በመቅረጫ አትቅረጹ። በምላጭ ላጡትና ጫፉን ረዘም አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት አሹሉት። ረጅም ጫፍ ሲጋደም ሰፊ ጥላ ይሰጣል፣ ሲቆም ቀጭን መስመር ያወጣል። ለስላሳ ላጲስ ካጣችሁ የዳቦ ውስጡን ጠቅልላችሁ ተጠቀሙ። ከሰልን ሳያቆሽሽ ያነሳል። ዘይት የነካው ዳቦ ግን ወረቀት ያበላሻል።

የሥዕል ከሰል በቤት መሥራት

የማብሰያ ከሰል ለሥዕል አይሆንም። ጠንካራ ነው፣ ወረቀት ይቧጭራል። የሚሆነው ከቀጭን እንጨት የተሠራው ነው። ይህን ውጭ ሥሩ፤ ቤት ውስጥ በፍጹም።

1. የእርሳስ ውፍረት ያላቸው፣ ቀጥ ያሉና በደንብ የደረቁ ቅርንጫፎች ሰብስቡ። ቅርፊታቸውን ላጡ።
2. ክዳን ባለው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ልክ ቆርጣችሁ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ አቁሟቸው። ባዶ ቦታ አይተርፍ።
3. ክዳኑ ላይ በሚስማር አንድ ቀዳዳ ብቻ አበጁ። ጥብቅ አድርጋችሁ ግጠሙት።
4. የጋመ እሳት ውስጥ አስቀምጡት። በቀዳዳው ነጭ ጭስ ይወጣል። ጭሱ እሳት ሊይዝ ስለሚችል ፊታችሁን አታስጠጉ።
5. ጭሱ ሲቆም ቆርቆሮውን በጉጠት አውጡና ቀዳዳውን በእርጥብ ጭቃ ድፈኑ።
6. እስኪነጋ አትክፈቱት። ትኩሱን ከከፈታችሁ አየር ይገባና ዓይናችሁ እያየ ይቀጣጠላል።

ሲከፈት ቡናማ ከሆነ አልበሰለም፤ ዘግታችሁ መልሱት። አመድ ከሆነ ክዳኑ አየር አስገብቷል፤ ሌላ ቆርቆሮ ፈልጉ። ጥሩው ሲሰበር ቀጭን ድምፅ አለው፣ ጣት ላይም ወዲያው ይቀባል።

ብርሃን

ከውጭ የመጡ መጻሕፍት "የሰሜን መስኮት ያዙ" ይላሉ፤ ፀሐይ በሰሜን በኩል አትገባም ብለው ነው። እነሱ አገር ልክ ነው። እኛ ከምድር ወገብ ብዙ አንርቅም። ጅማ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ከተቻለ በደቡብ በኩል ያለውን መስኮት ተጠቀሙ፤ በጋ ላይ ወደ ሰሜኑ ዙሩ። አንድ መስኮት ብቻ ካላችሁ ስስ ነጭ ነጠላ ጋርዱበት።

ክፍሉ ውስጥ ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይምጣ። አምፖሉን አጥፉ፣ በሩን ዝጉ። መብራት የጠፋበት ምሽትም አይባክን። አንድ ሻማ ከጎን አብሩና ጀበና አስቀምጡ፤ ከዚያ የተሻለ የጥላ ትምህርት በገንዘብ አይገኝም።

## ደረጃ 2፦ መለካት

ይህን ደረጃ ዘልሎ የተሳካለት የለም። ጅማ ውስጥ ደግሞ ለዚህ የተሠራ የሚመስል ዕቃ በየቤቱ አለ፦ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ። መቀመጫው ክብ ነው፣ እግሮቹ ይከፈታሉ፣ በመካከላቸው ክፍት ቦታ አለ። ፈተና ላይ የሚያስቸግረው ሁሉ አንድ ዕቃ ላይ ተሰብስቧል።

አቀማመጥ

በርጩማውን መሬት ላይ አድርጉ። እናንተ ወንበር ላይ፣ ከበርጩማው ቁመት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ርቃችሁ ተቀመጡ። ከዚያ ከቀረባችሁ ቅርጹ ይዛባል። ሰሌዳውን ጭናችሁ ላይ ጠፍጣፋ አታስተኙት። አቁማችሁ ያዙት፤ ዕቃውንና ወረቀቱን አንገት ሳታዞሩ ማየት አለባችሁ።

ቅደም ተከተል

1. ወረቀቱ ላይ የበርጩማውን ጫፍና መጨረሻ በሁለት ቀላል ጭረቶች ምልክት አድርጉ። ከዳርና ከዳር ቦታ ይትረፍ። ከዚህ በኋላ ምንም ነገር ከእነዚህ ጭረቶች አይወጣም።
2. ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ። ክርናችሁ አይታጠፍ። አንድ ዓይን ጨፍኑ። የእርሳሱን ጫፍ ከዕቃው ራስ ጋር አጋጥሙና በአውራ ጣት የዕቃውን መጨረሻ ያዙ። ቁመቱ ይሄ ነው።
3. ጣታችሁን ሳታነቃንቁ እርሳሱን አጋድሙ። ስፋቱ የቁመቱ ስንት እጅ ነው? እኩል ነው? ሦስት አራተኛ ነው? ያንን ወረቀቱ ላይ አስፍሩ።
4. በመሐል ቀጥ ያለ የምሰሶ መስመር ጣሉ።
5. የመቀመጫውን ሞላላ ሳሉ። ሁለቱ ጎኖቹ ክብ እንጂ ሹል አይሁኑ። እንደ ዓሣ ጅራትና አፍ የሾለ ሞላላ ከሩቅ ይታወቃል፤ ፈታኝ መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው።
6. አሁን መሬቱ ላይ የማይታይ ሁለተኛ ሞላላ ሳሉ። ሦስቱ እግሮች የሚረግጡት በእሱ ዙሪያ ነው። ይህ የታችኛው ሞላላ ከላይኛው ይልቅ ወደ ክብ ይጠጋል፤ ከዓይናችሁ ከፍታ የራቀ ክብ ሁሉ እየተከፈተ ይሄዳልና።
7. በሞላላው ዙሪያ ሦስቱን የእግር ነጥቦች አስቀምጡ። ለእናንተ የቀረበው እግር ወረቀቱ ላይ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ያርፋል።
8. ነጥቦቹን ከመቀመጫው ጋር አገናኙ።
9. እግሮቹን ተዉና በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ እዩ። ምን ዓይነት ቅርጽ ነው? ሦስት ማዕዘን? የትኛው ጎን ይረዝማል? ባዶው ቦታ ከተሳሳተ እግሩ ተሳስቷል።

እስከዚህ ድረስ ላጲስ አትንኩ። መስመሩ ቀላል ከሆነ የተሳሳተው ይቆይ፤ ትክክለኛውን ጎኑ ስትሰምሩ መነሻ ይሆናችኋል። መስመር በሰመሩ ቁጥር የሚያጠፉ ልጆች ያንኑ ስህተት መልሰው ይሰምሩታል።

ሲበላሽ

- *በርጩማው ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ይመስላል።* ወረቀቱን ገልብጣችሁ በተቃራኒው በብርሃን እዩት፣ ወይም በመስታወት። ስህተቱ ወዲያው ይፈጥጣል።
- *እግሮቹ እኩል መሬት አልረገጡም።* ቁጥር 6ን ዘላችኋል። ወደ ኋላ ተመለሱ።
- *ልኬቱ በየጊዜው ይለያያል።* ክርናችሁ ታጥፏል ወይም ወደፊት ተጠግታችኋል። የወንበራችሁን እግሮች ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ።
- *ወረቀቱ አልበቃም።* ቁጥር 1ን ንቃችሁታል።

በርጩማው ሲለምድላችሁ ወደ ሰፌድ፣ ጀበና፣ ሲኒ፣ ከዚያ ወደ ሕንፃ ሂዱ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያሉት አሮጌ ቤቶች ለፐርስፔክቲቭ (ነገሮች ሲርቁ እያነሱ የሚታዩበትን ለመሳል) ጥሩ ናቸው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደግሞ በረንዳውና የእንጨት ምሰሶው ተደጋጋሚ ስለሆነ፣ ምሰሶዎቹ እየራቁ ሲሄዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት እንዴት እንደሚጠብ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ውስጡን ከመሳልም ከማንሳትም በፊት ጠባቂውን አስፈቅዱ።

## ደረጃ 3፦ ብርሃንና ጥላ

መጀመሪያ የወረቀት ቁራጭ ላይ አምስት ሳጥን ሳሉ። ከነጭ እስከ ጥቁር በአምስት ደረጃ ሙሏቸው። ይህን ቁራጭ ሰሌዳው ጥግ ላይ ለጥፉት። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ጥላ "የትኛው ሳጥን ነው?" ተብሎ ይጠየቃል።

ነጭ ጨርቅ ላይ እንቁላል አስቀምጡ። ከአንድ ጎን ብርሃን ይምጣ። ዓይናችሁን ግማሽ ጨፈን አድርጉ፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቁ ብርሃንና ጥላ ይቀራል። ከዚያ በዚህ ተራ ሥሩ፦

1. ብርሃንና ጥላ የሚለያዩበትን ድንበር በቀላሉ ሰምሩ።
2. የጥላውን ወገን በሙሉ፣ መሬት ላይ የወደቀውን ጥላ ጨምሮ፣ በአንድ መካከለኛ ግራጫ ሙሉ።
3. ድንበሩ ጋ ያለውን አካባቢ አጥቁሩ። ጥቁሩ እዚያ ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ዳር ላይ አይደለም።
4. ከጨርቁ ተንፀባርቆ የሚመለሰውን ደካማ ብርሃን በጥላው ውስጥ ተዉ።
5. ዕቃው ጨርቁን የነካበትን ቀጭን ቦታ በጣም አጥቁሩ።
6. በመጨረሻ የብርሃኑን ወገን በቀስታ አለስልሱ።

እንቁላሉ አየር ላይ የተንሳፈፈ ከመሰለ ቁጥር 5 ቀርቷል። መስታወት ከመሰለ ደግሞ የተመለሰውን ብርሃን አብዝታችሁታል። የጥላ ውስጥ ብርሃን ምንም ቢሆን ከብርሃኑ ወገን አይበልጥም፤ በዳቦ ያነሳችሁትን በ4B መልሱት።

ጀበና ላይ ስትደርሱ አዲስ ችግር አለ። ጀበናው ራሱ ጥቁር ነው። ብርሃን የመታው የጀበና ሆድ ከነጩ ጨርቅ ጥላ ሊጠቁር ይችላል። "ብርሃን ስላለበት ነጭ ይሁን" ካላችሁ የሸክላ ጀበናችሁ አሉሚኒየም ይሆናል። አምስቱን ሳጥኖች እያያችሁ አወዳድሩ።

በጣት ወይም በጥጥ ማሸት ተዉ። ፎቶ የሚመስል ልስላሴ ይሰጣል፣ ቅርጹን ግን ይበላዋል። ጭረታችሁ የዕቃውን ቅርጽ ተከትሎ ይዙር፤ ክቡ ላይ በክብ፣ ጠፍጣፋው ላይ በቀጥታ።

## ደረጃ 4፦ ሰው

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሰው የሚለመደው በማንበብ አይደለም።

- ዓይን የራስ ቁመት መሐል ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ ወደ ላይ ይሰቅለዋል፤ ግንባርና ፀጉር የሚይዙትን ቦታ ረስቶ።
- የጆሮ ቁመት ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ግርጌ ነው ማለት ይቻላል።
- የቆመ አዋቂ ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ያህል የራሱ ጭንቅላት ይሆናል።
- ክር ላይ ትንሽ ብረት አስራችሁ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ያዙ። ከአንገት ጉድጓድ ቀጥታ ሲወርድ የትኛው እግር ላይ ያርፋል? ሰውዬው እንዳይወድቅ የሚያደርገው ይሄ ነው።

መናኸሪያ፣ ሻይ ቤት፣ የጀበና ቡና የሚፈላበት ጥግ ሂዱና የሁለት ደቂቃ ስኬች (ፈጣን ንድፍ) ሥሩ። ሰውየው ተነሥቶ ከሄደ ስኬቹን ተዉትና ሌላ ጀምሩ። ቤት ውስጥ እናትን ወይም ታናሽ እህትን ለምኑ። ከሃያ ደቂቃ በላይ ግን አታስቀምጧቸው፤ ሁለተኛ አይቀመጡላችሁም።

እጅን ኪስ ውስጥ አትደብቁ። ፈታኞች ይህን ዘዴ ከእናንተ በፊት አይተውታል።

## ደረጃ 5፦ ቀለም

ሸራ ማዘጋጀት

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ሸራ ውድ ነው፣ ጅማም ሁልጊዜ አይገኝም። አቡጀዲ ይሠራል።

1. አናጺው አራት ደረቅ እንጨት በማዕዘን ይግጠምላችሁ። ዲያጎናሉን በክር ለኩ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ተዛንፏል፣ መልሱለት።
2. አቡጀዲውን ከየጎኑ መሐል ጀምራችሁ ወደ ጥግ እየወጠራችሁ ምቱ። ከጥግ ከጀመራችሁ ይጨማደዳል።
3. ነጭ የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ አንድ ጊዜ ቀቡ። ይድረቅ።
4. ነጭ የግድግዳ ውሃ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ በመካከሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሹት።

በክረምት በእያንዳንዱ ቅብ መካከል አንድ ሙሉ ቀን ጠብቁ። የጅማ እርጥበት ቀልድ አያውቅም። ላዩ የደረቀ የሚመስል ቅብ ከሥሩ እርጥብ ከሆነ ኋላ ይሰነጠቃል። የዘይት ቀለም በተቀባ ነገር ላይ ደግሞ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) አትቀቡ፤ ይላላጣል። ሸራው ከላላ ከጀርባው ውሃ ርጩበትና ይድረቅ፤ ጥጡ ይሰበሰባል።

የትኛው ቀለም?

ለዝግጅት አክሪሊክ ምረጡ። የዘይት ቀለም ቆንጆ ነው፣ ግን በክረምት ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ሊቆይባችሁ ይችላል። አምስት ቱቦ ይበቃል፦ ነጭ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ የሸክላ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር ቡናማ። ጥቁር አትግዙ። ሰማያዊውና ቡናማው ሲቀላቀሉ ሕይወት ያለው ጥቁር ይሰጣሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች በቡናማና በነጭ ብቻ ሥሩ። ጥላው ልክ ከሆነ ቀለም መጨመር ቀላል ነው። ጥላው ከተሳሳተ ምንም ቀለም አያድነውም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በቀጭን ቡናማ ንድፉን ጣሉ፤ ትልልቅ ጥላዎችን ሙሉ፤ ትልልቅ ብርሃኖችን ሙሉ፤ ሸራው በሙሉ ከተሸፈነ በኋላ ብቻ ወደ ዝርዝር ግቡ። ዓይን ብቻ ተጠናቆ ቀሪው ነጭ የሆነ ሸራ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ሰዓት አልቆበት ነው።

ሲበላሽ

- *ቀለሙ ጭቃ ሆነ።* ብዙ ቀላቅላችኋል። ሁለት ቀለምና ነጭ፣ በቃ። የብሩሽ ማጠቢያ ውሃውንም ቀይሩ።
- *ሲደርቅ ጠቆረ።* የአክሪሊክ ጠባይ ነው። ከምትፈልጉት ትንሽ አፍክታችሁ ቀቡ።
- *አረንጓዴው ይጮሃል።* ጅማን የሚስል ሁሉ እዚህ ይያዛል፤ ዙሪያው አረንጓዴ ነውና። ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ አትጠቀሙ። ሰማያዊና የሸክላ ቢጫ ቀላቅሉ፣ ከዚያ ጥቂት ቀይ ጣል አድርጉበት። የሩቁ ኮረብታ ደግሞ ከአረንጓዴ ይልቅ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል።
- *ብሩሹ ደረቀ።* አክሪሊክ አይጠብቅም። ስልክ ሲጠራ እንኳ ብሩሹን ውሃ ውስጥ አድርጉና አንሱ።

## ደረጃ 6፦ ፎቶግራፍ

ካሜራ ከሌላችሁ ስልክ ይበቃል። ፎቶ ለሚጠይቅ ኮሌጅ የተበታተነ የ"ቆንጆ" ፎቶ ክምር አታቅርቡ። አንድ ርዕስ ያዙና ከስምንት እስከ አሥር ፎቶ ሥሩበት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት ከሆነ ርዕስ መፈለግ የለባችሁም፦ ለቃሚ እጅ፣ ቅርጫት፣ የማድረቂያ አልጋ፣ የተሰጣ ጀንፈል። ከሩቅ፣ ከመካከለኛ ርቀትና ከቅርብ አንሱ፤ ሦስቱም ይኑሩ።

1. ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። የኪስ ቅባት ፎቶን ጉም ያስመስላል።
2. ፍላሹን አጥፉ።
3. ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 አንሱ። ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል።
4. ስክሪኑ ላይ ዋናውን ነገር ተጭናችሁ ቆዩ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ሰማዩ ነጭ ከሆነ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት።
5. በጣት ዙም አታድርጉ። በእግራችሁ ቅረቡ።

ካሜራ ያላችሁ፣ ለሚንቀሳቀስ ሰው የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/250 ሴኮንድ በታች አታውርዱ። ጨለማ ከሆነ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከፍ አድርጉ። ትንሽ የሻከረ ፎቶ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ይሻላል።

ሐሙስ ገበያ ሂርማታ ስትሄዱ አንድ ወጥመድ አለ። በሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጡ ነጋዴዎች ፊታቸው ሰማያዊ ይሆናል። ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ አያስተካክለውም። ወደ ሸራው ዳር፣ የውጭ ብርሃን ወደሚገባበት የተቀመጠችውን ምረጡ።

ከሰው ፊት ካሜራ አትደቅኑ። መጀመሪያ "አካም ጅርቱ" በሉ፣ ጎንበስ ብላችሁ ሰላም ስጡ፣ ምን እንደምትማሩ ተናገሩ፣ ከዚያ ጠይቁ። እምቢ ካሉ አመስግኑና ሂዱ። ልጅ ከሆነ ወላጅ ይጠየቃል። ፖሊስ፣ ወታደር፣ ኬላና ባንክ አታንሱ። ስልካችሁ ይቀራል፣ ቀኑም ይባክናል።

## ደረጃ 7፦ ሥራችሁን ፎቶ ማንሳትና መላክ

ጥሩ ሥዕል ጠማማና ቢጫ ሆኖ የሚላከው እዚህ ነው።

1. ቀኑ ዳመና ሲሆን፣ ወይም በግድግዳ ጥላ ሥር፣ ውጭ ሥሩ። አምፖል ሥር አይሆንም።
2. ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጉ። ስልኩን ከሥዕሉ መሐል እኩል ከፍታ ላይ ያዙ።
3. ሁለት ሜትር ያህል ራቁ፤ ስልካችሁ ባለ ሁለት እጥፍ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ከቅርብ ሲነሣ ጠርዙ ይቆለመማል።
4. የካሜራውን ግሪድ አብሩ። አራቱም ጠርዝ ከመስመሩ ጋር ይመሳሰል።
5. ጎኑ ነጭ ወረቀት አስቀምጡ። ፎቶው ላይ ነጩ ቢጫ ከሆነ ቀለሙ ተዛብቷል፤ እስኪነጣ አስተካክሉና ከዚያ ነጩን ቆርጣችሁ ጣሉት።
6. እርሳሱ ካብለጨለጨ ሥዕሉን ትንሽ ወደ ጎን አዙሩ።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ የተላከ ይጨመቃል፣ ጭረታችሁ ይጠፋል። የፋይሉን ስም ለውጡ፦ ስም፣ ተራ ቁጥር፣ ርዕስ። ስልኩ የሰጠውን የቁጥር ጋጋታ እንዳለ አትላኩ።

ምርጫ

ማስታወቂያው ቁጥር ካልሰጠ ከ12 እስከ 15 ሥራ ይበቃል። ከግማሽ በላይ ከዕውን የተሳለ ይሁን። ሁለት ገጽ የስኬች ደብተር ጨምሩ፣ የተበላሹ ስኬቾች ያሉበትም ቢሆን፤ እንዴት እንደምታስቡ ያሳያል። ከፎቶ የተቀዳ የታዋቂ ሰው ፊት ቢበዛ አንድ። እኔ ብሆን እሱንም አወጣው ነበር። ደካማ ሥራ ለቁጥር ብላችሁ አትጨምሩ።

## ደረጃ 8፦ መንገድና ፈተና

የከሰል ሥራ ሄር ስፕሬይ ይረጭበት፦ ውጭ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ። ከቅርብ ከተረጨ ነጠብጣብ ይሠራል። ከጊዜ ብዛት ወረቀት ሊያቢጭ ይችላል፤ ለሚቀመጥ ሥራ አይመከርም። ወረቀቶቹን በሁለት ካርቶን መካከል አስተኟቸው፣ ላስቲክ አልብሷቸው። ያልደረቀ ነገር ላስቲክ ውስጥ አትዝጉ፣ ይሻግታል። ሸራ መጠቅለል ግድ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ሰፊ ቱቦ ላይ ይጠቅለል።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሥራችሁን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አትጫኑ። ጭናችሁ ላይ ይሁን። ፈተናው ጠዋት ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ግቡ።

ፈተና ክፍል ውስጥ፦

- ቦታ መምረጥ ከተቻለ ብርሃኑ ከጎን የሚታይበትን ያዙ። ብርሃን ፊት ለፊት የመታው ዕቃ ጥላ የለውም፣ ለመሳል ይከብዳል።
- የጊዜውን አንድ አራተኛ ለልኬት ብቻ መድቡ። ጎረቤታችሁ ጥላ ሲጀምር አትደንግጡ።
- ወረቀቱን በሙሉ ተጠቀሙ። ጥግ ላይ የተሳለች ትንሽ ማሰሮ ፍርሃት ታሳያለች።
- በየሃያ ደቂቃው ተነሥታችሁ ሁለት እርምጃ ራቁና እዩት። መነሣት ካልተፈቀደ ሰሌዳውን በክንዳችሁ ልክ አርቁት።

ጊዜው ሊያልቅ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀር ልኬቱ መሳሳቱን ካያችሁ እንደገና አትጀምሩ። ትክክለኛውን መስመር ከላዩ ደፈር አድርጋችሁ ሰምሩ፣ የወደቀውን ጥላ አጥቁሩ፣ ሌላውን ተዉት። ስማችሁንና የፈተና ቁጥራችሁን በተባለው ቦታ ጻፉ። ወረቀቱን ስታስረክቡ በጠርዙ ያዙ፤ ከሰል የነካ አውራ ጣት ነጩ ላይ ይታተማል።